«ደህና ነሽ» ማለት ሥራዬ ነበር

ለጡረታ ስወጣ የሰው ሀብት ክፍሉ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሦስት መስመር ነው። የት የት እንደሠራሁ፣ ስንት ዓመት እንደሠራሁ፣ በመልካም ሥነ ምግባር እንዳገለገልሁ ይናገራል። የመጨረሻዎቹን ዐሥራ ስድስት ዓመታት የዋልሁበትን ክፍል «ክትትል» ብሎ በአንድ ቃል አልፎታል። ልጄ ደብዳቤውን አነበበችና «እማ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ምን ነበር የምትሠሪው?» አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ልጅ! መጀመሪያ ከልቤ ሳቅሁ፤ በማግስቱ ደብተር ገዛሁ።

ሥራዬ ይህ ነበር። የጡት ካንሰር ይዟቸው፣ ቀዶ ሕክምናውን፣ ኬሞውን፣ ጨረር ያስፈለጋቸውም ጨረሩን ጨርሰው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሴቶች በቀጠሯቸው ቀን ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔ በሽታው ተመልሶ እንደሆነ በጣቴ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ በየጥቂት ወሩ፣ ቀጥሎ በየስድስት ወሩ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ። ብዙውን ጊዜ የምፈልገውን አጣለሁ። ፈልጎ በማጣት እንዲህ ደስ የሚያሰኝ ሌላ ሥራ መኖሩን እንጃ።

በነርስነት ሥራ የጀመርሁት ማክሰኝት ጤና ጣቢያ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ክትባት፣ ማዋለድ፣ ቁስል ማጠብ፣ የወባ ክኒን ማደል፣ የማልሠራው አልነበረም። የገበያ ቀን በሽተኛው መጀመሪያ እህሉን ይሸጣል፣ ጨውና ዘይቱን ይገዛል፣ ሲመለስ ወደ ጤና ጣቢያው ጎራ ይላል። ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ሰውና አህያ እኩል ይሰለፋል። አለቃችን አንድ ቀን በግ የታቀፈ ሰውዬ ከነበጉ ሚዛን ላይ አውጥተው ክብደቱን ካርዱ ላይ ጻፉ። ስንስቅባቸው ኮስተር ብለው «በጉን ነገ ሲሸጥ እንቀንስለታለን» አሉን።

ከማክሰኝት ወደ መሸንቲ ተዛወርሁ። እዚያ አስተማሪ አገባሁ፣ ልጄንም ወለድሁ። ከመሸንቲ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አንድ ሆስፒታል ገባሁ፤ ግሽ አባይ ቤት ተከራየንና ያንን ሰፈር እስከዛሬ አልለቀቅነውም። ደሞዙን አላነሳም። የዝውውሩ ወረቀት ስንት ማኅተም እንደፈለገ ግን እስከዛሬ ይገርመኛል።

በሆስፒታሉ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነበርሁ። ወደ ክትትል ክፍል የወሰዱኝ ሲስተር ወይንሸት ናቸው። አጭር፣ ፈጠን ያሉ፣ እርሳሳቸውን ሁልጊዜ ፀጉራቸው ውስጥ የሚሰኩ አንጋፋ ነርስ ነበሩ። አንድ ቀን ቁስል ሳሽግ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «እጅሽ አይቸኩልም፤ ነይ እኔ ጋ» አሉኝ። ቃለ መጠይቁ ይኸው ነበር።

ሲስተር ወይንሸት በየቀኑ ከቤታቸው በፔርሙስ ሙቅ ውሃ ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም ሰው ሻይ ይመስለው ነበር። የቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ሙሉቀን አንድ ጠዋት ሳይጠይቅ ቀድቶ ጠጣና «ሲስተር፣ ሻዩን ረስተውታል!» አለ። «ለእጄ ነው» አሉት። በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት ፎጣውን በሙቅ ውሃ ነክረው እጃቸውን ያሞቃሉ። «ቀዝቃዛ እጅ የነካት ሴት ትኮማተራለች፤ የተኮማተረ ሰውነት ደግሞ ያለውን ይደብቅብሻል» ይሉኝ ነበር።

መመርመሩን ያስተማሩኝ እጃቸውን እጄ ላይ ጭነው ነው። በመጀመሪያ ጤነኛው ጡት። ሦስቱን መካከለኛ ጣቶች አስተኝቶ፣ በጫፋቸው ሳይሆን በለስላሳው ሆዳቸው፣ ከአንገት አጥንት ጀምሮ ወደ ታች መውረድ፤ ከዚያ አንድ ጣት ፈቀቅ ብሎ ወደ ላይ መውጣት። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ፤ በስሱ፣ ጠበቅ አድርጎ፣ እስከ ጎድን አጥንቱ ድረስ። ብብቷን ስታይ የሴትዮዋን ክንድ አንቺ ትሸከሚላታለሽ፤ ራሷ ከተሸከመችው ጅማቷ ይወጠርና እጢው ይሰወራል። ከአንገት አጥንቱ በላይ ያለውን ጎድጓዳ ከኋላዋ ቆመሽ ታያለሽ። በመጨረሻ ጠባሳው፤ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ። ሲስተር ወይንሸት በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እርሳሱን ከፀጉራቸው የሚያወጡት ሲጨርሱ ነው። ጠባሳውን ካርዱ ላይ ይሥሉታል፤ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚሸበሸብ፣ የት ጠጠር እንደሚል። በየዓመቱ አዲስ ሥዕል። የአንዳንዷ ሴት ካርድ ሲገለጥ የልጅ ደብተር ይመስል ነበር።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ሴትዮዋ ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ እስክትቀመጥ ድረስ ስላገኙትም ስላጡትም ነገር ትንፍሽ አይሉም። ከዚያ ፊት ለፊቷ ወንበር ስበው ይቀመጡና «ደህና ነሽ» ይላሉ። ይህን ቃል ሲናገሩ አንድም ቀን ቸኩለው አላየኋቸውም።

ከክፍላችን ውጭ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበር። ሰው የካንሰር ክትትል ሲባል ለቅሶ ቤት ይመስለዋል፤ የኛ ወንበር ግን እንደ ሠፈር ማኅበር ነበር። ዐሥር ዓመት ያለፋት የመጀመሪያ ዓመቷን የጀመረችውን ታስተምራለች። ፀጉሯ ገና ብቅ ያለላት ልጅ ሻሿን አውልቃ «እስቲ እዩት፣ ሐር አልሆነም?» ስትል፣ ሌላዋ «የኔማ ተጠቅልሎ ነው የወጣው፤ ባሌ ሌላ ሴት ያገባ መስሎት ደስ ብሎታል» ትላለች። ተራ ሲደርስ ብቻ ወንበሩ ጸጥ ይላል። የምትገባዋን በዓይን ይሸኟታል፤ ስትወጣ ፊቷን ያያሉ፤ ፊቷ ከበራ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።

ሁሉም ቀን እንዲህ አልነበረም። በሦስተኛ ዓመቴ ያጠፋሁትን ሳልጽፍ ይህ ደብተር ሙሉ አይሆንም።

ጥሩወርቅ የመሸንቲ ሴት ነበረች፤ እዚያ ስሠራ ጀምሮ የማውቃት፣ ሳቂታ፣ ጠንካራ ገበሬ። ሕክምናዋን ከጨረሰች አራት ዓመት ሞልቷት ነበር። የዚያን ቀን ሲስተር ወይንሸት ፈቃድ ላይ ነበሩ፤ ወንበሩ ሞልቶ መሬት የተቀመጡ ነበሩ። ጥሩወርቅን መረመርኋት። ጡቷ ንጹሕ፣ ብብቷ ንጹሕ፣ ጠባሳዋ ያው። ልብሷን እየለበሰች «ጀርባዬን ያመኛል፤ ስተኛ ይብስብኛል» አለችኝ። የአጨዳ ወር ነበር። «ጎንበስ ብለሽ ስታጭጂ ከርመሽ ጀርባሽ እንዴት አያምሽም?» ብዬ ማስታገሻ ሰጠኋት። ካርዷ ላይ «የጀርባ ሕመም» ብዬ ጻፍሁ። የስድስት ወር ቀጠሮ ሰጠኋት። «ደህና ነሽ» አልኋት።

በሦስተኛው ወር ሁለት ወንድሞቿ ደግፈው አመጧት። በራጅ ሲታይ በሽታው አከርካሪ አጥንቷ ላይ ተመልሶ ነበር።

ለሲስተር ወይንሸት ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጡም። «ምን ብላ ነበር የነገረችሽ? የራሷን ቃል ንገሪኝ» አሉኝ። «ጀርባዬን ያመኛል፣ ስተኛ ይብስብኛል» አልሁ። ካርዱን ገለጡና «ታዲያ ‹ስተኛ ይብስብኛል› ያለችው የታለ?» አሉ። የሥራ ሕመም ሲያርፉ ይቀላል፤ ሲተኙ የሚብስ ሕመም፣ ያውም ካንሰር አሞት ለነበረ ሰው፣ ዝም አይባልም። ይህን አውቅ ነበር። ቃሏን አሳጥሬ ስጽፍ እውቀቴንም አብሬ ቆረጥሁት።

ለጥሩወርቅ እኔው ልንገራት ብዬ ተኝታ ወደነበረችበት ክፍል ሄድሁ። እጇን ይዤ «ያን ቀን ለራጅ ልልክሽ ይገባ ነበር፤ አልላክሁሽም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። «አንቺ ባትነግሪኝ ማን ያውቅብሽ ነበር?» አለችኝ። ማልቀስ ጀመርሁ። «በይ አታልቅሽብኝ። የኔን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ሌላዋ ‹ያመኛል› ስትልሽ ግን ቁጭ ብለሽ ስሚያት።» ጨረርና ክኒን ተሰጣት፤ ሕመሙ ረገበላት፤ በምርኩዝም ቢሆን ተነሥታ ሄደች። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረች። እነዚያ ሦስት ወራት ባይባክኑባት ስንት ትኖር እንደነበር አላውቅም። ይህ አለማወቅ ከኔ ጋር ጡረታ ወጥቷል።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሴቶቹን ቃል እንዳለ መጻፍ ጀመርሁ። «ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ይሸሻል።» «ራሴን ጠዋት ጠዋት ይወቅረኛል።» «እህል አስጠላኝ።» ዶክተር ሙሉቀን በመጀመሪያ «ይህ ካርድ ነው ልብ ወለድ?» እያለ ያሾፍ ነበር፤ ኋላ ግን አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር «መጀመሪያ የአትጠገብን ጽሑፍ አንብቡ» ይል ጀመር። አትጠገብ እኔ ነኝ። ሲስተር ወይንሸት ጡረታ ሲወጡ ፔርሙሱን ይዘው ሄዱ፤ እኔም የራሴን ገዛሁ።

አሁን ወደ ስመኝ ልምጣ፤ የመጨረሻዋ ትልቅ ጉዳዬ እሷ ናት።

ስመኝ ሐይቁ ዳር ካሉት አድባራት በአንዱ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ባለቤት ናት። በየዓመቱ በየካቲት በሞተር ጀልባ ተሻግራ ትመጣለች፤ ሁልጊዜም አብረዋት መሪጌታ አሉ። እሳቸው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ዳዊታቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። አምና ስምንተኛ ዓመቷ ነበር። እኔም የጡረታ ቀኔ ሊደርስ ሳምንታት ቀርተውኝ ነበር።

እጄን አሞቅሁ። ጤነኛው ጡቷ ደህና። ብብቷ ደህና። ዓይኔን ጨፍኜ ጠባሳዋ ላይ ስሄድ፣ ወደ ብብቷ በሚያዘነብለው ጫፍ ላይ ጣቴ ቆመ። ባቄላ የሚያህል፣ ጠጠር ያለ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር። አልፌ ሄድሁና ተመለስሁ። አለ።

«አገኘሽው?» አለችኝ።

ዓይኔን ገለጥሁ። ጣራውን እያየች ነበር። «ልበሽ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አልኋት። ካርዷን ገለጥሁ። ያለፈው ዓመት ሥዕል ላይ፣ የካቻምናውም ላይ፣ እዚያ ቦታ ምንም አልነበረም። ለብሳ ስትቀመጥ ወንበሬን ስቤ ፊቷ ተቀመጥሁ።

«አዲስ ነገር አለ ስመኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ተመርምሮ ይታወቃል። መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከገና ጀምሮ።»

«ታዲያ እስከዛሬ?»

«የልጄ ሠርግ ለዳግማ ትንሣኤ ነው። ሠርጉ ይለፍ ብዬ ነዋ። እቴ፣ አደራሽን፣ ለመሪጌታ እንዳትነግሪብኝ። እሳቸው ከሰሙ እህልም አይቀምሱ።»

በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ታየች። ሐኪሙ በምስሉ ብቻ ቁርጡን መናገር አልቻለም። ዶክተር ሙሉቀን በመርፌ ናሙና ወሰደና ወደ ፓቶሎጂ ላከው። ውጤቱ በዐሥር ቀን ይደርሳል ተባለ።

በአራተኛው ቀን መሪጌታ ብቻቸውን መጡ። ጫማቸው ከጀልባው ውሃ ገና አልደረቀም። በሩን ዘግተው ቆሙ።

«የኔታ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልሁ።

«አልቀመጥም። እህቴ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ስትለብስ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በቀኝ ጎኗ መተኛት ትታለች። ተመልሶባታል።»

ወንበር ሳብሁላቸው፤ አልነኩትም።

«ውጤቱ ሲመጣ ለእኔ ስጭኝ። ክፉ ከሆነ በልቤ እይዘዋለሁ። ልጇን ትዳር፣ ደስ ይበላት፤ ከሠርጉ በኋላ እኔው እነግራታለሁ። የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው።»

እኒያን ሽማግሌ እንዲያ ቆመው ሳያቸው እሺ ማለት እጅግ አማረኝ። ግን አልቻልሁም። «የኔታ፣ ውጤቱ የሷ ነው። መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ናት፤ ከፈቀደች እርስዎም አብረው ይሰማሉ። ሕክምናም የሚያስፈልግ ከሆነ የሚባክን ቀን የለንም» አልሁ።

«ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬያት የኖርሁ ባሏ ነኝ!» ድምፃቸው ውጭ ወንበሩ ድረስ ተሰማ። ሳይሰናበቱኝ ወጡ። ከሰዓቱን ሙሉ እጄን ሳሞቅ ውሃው ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ አልታወቀኝም። ሁለቱም አንዱ ለሌላው ብለው ይደባበቃሉ፤ የሁለቱም ምስጢር እኔ ደረት ላይ ተቀምጧል።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም ከአንድ ጀልባ ወርደው መጡ፤ መሪጌታ ዛፉ ሥር አልቀሩም፤ ተከትለዋት እስከ ወንበሩ መጡ። ኋላ ስመኝ እንደነገረችኝ፣ መሪጌታ ብቻቸውን እኔ ጋ የመጡ ቀን ወደ ቤታቸው ተመልሰው፣ እራት ሲቀርብ እንጀራውን ሳይቆርሱ «ስመኝ፣ አውቄያለሁ» አሏት። እሷም «ማወቅዎን እኔም አውቄያለሁ፤ ይብሉ» አለቻቸው። ከሁለት ወር ወዲህ እንደዚያን ዕለት የጣመ ሽሮ በልተው አያውቁም።

ዶክተር ሙሉቀን ጠራኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት። «በትክክል ገብቶኛል?» አልሁት። «ገብቶሻል። ከምስሉም ጋር ይስማማል፤ እኔም አመሳክሬያለሁ። ሂጂ ንገሪያት፤ ያገኘሽው አንቺ ነሽ» አለኝ።

ወደ ክፍሌ አስገባኋቸው። «መሪጌታ ይስሙ?» ስላት «አዎ፣ ይስሙ» አለች። ወንበሬን ሳብሁ።

«ስመኝ፣ ካንሰር አይደለም። የድሮው ጠባሳ ሥር ስቡ ደንድኖ ጓጉሎ ነው። በጨረርና በቀዶ ሕክምና ቦታ ከዓመታት በኋላም እንዲህ ይሆናል። በሦስት ወር እንደገና አየዋለሁ... ማለቴ፣ በኔ ቦታ የምትተካው ታየዋለች። ደህና ነሽ።»

«ድገሚው» አለች።

«ደህና ነሽ።»

መሪጌታ «ጠባሳ ማለት... ያው የምናውቀው? የኛው ጠባሳ?» አሉ፣ ስለ አንድ የድሮ ጎረቤት የሚጠይቁ ይመስል። «ያው ነው፣ የኔታ» ስላቸው ጥምጥማቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት፤ እንደገና አወለቁት። ስመኝ በሩን ከፍታ ኮሪደሩ ላይ ቆመችና እልልታዋን ለቀቀችው።

«ኧረ ስመኝ፣ ዐቢይ ጾም ነው!» አሉ መሪጌታ።

«እግዜር ያውቅልኛል!» ብላ ደገመችው።

ወንበሩ ላይ የነበሩት ሴቶች ምን እንደተፈጠረ እንኳ ሳይጠይቁ እልልታውን ተቀበሏት። ጥበቃው ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣና ሁሉም ሲስቁ አይቶ ግራ ገባው። መሪጌታ ወደ እኔ ቀረብ ብለው «ያን ቀን ጮኽሁብሽ። አጥፍቻለሁ» አሉኝ። «እኔ ረስቼዋለሁ» አልሁ። «እኔ ግን አልረሳውም፤ ሠርጉ ላይ ሳትመጪ ብትቀሪ ደግሜ እጮኽብሻለሁ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጡረታ ወጣሁ። ለተተካችው ወጣት ነርስ ካርዶቹን አስረከብሁ፤ እጇ አይቸኩልም፤ ሴቶቹም ወደዋታል።

ለዳግማ ትንሣኤ ጀልባ ላይ ተሳፍሬ ሄድሁ። ዳሱ ሐይቁ ዳር ነበር የተጣለው፤ ነፋሱ ሸራውን ያረገርገዋል፤ ከበሮው ገና ከወደቡ ይሰማል። ስመኝ ጥልፍ ያለው ቀሚሷን ለብሳ መካከል ላይ ነበረች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያኛው ትከሻዋ ብዙ ዓመት እንቢ ብሏት ነበር፤ እጇን ከፍ አድርጋ ፀጉሯን መሠራት እንኳ ያቅታት ነበር። አሁን በሁለቱም ትከሻዎቿ እስክስታውን ታወርደዋለች፤ አንደኛው ትንሽ ዘግየት ይላል እንጂ አይቀርም። ላብ በግንባሯ ይወርዳል። ወጣቶቹ ደክመው ሲወጡ እሷ አዲስ ትጋብዛለች።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት የመሪጌታ ዘመድ ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ። «የሙሽራ እናት እንዲህ ትጨፍራለች? ምነው መሪጌታ፣ ዝም ትላለህ?»

መሪጌታ ጠላቸውን አስቀመጡና በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ሐኪም አዝዞላት ነው፤ ያዘዘችውም ይቺው ተቀምጣለች።»

አሮጊቷ ዞር ብለው ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። «እውነት ነው፣ ልጄ?»

እንዲህ ያለ ትእዛዝ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። «አዎ፣ እማማ» አልሁ። ስመኝ ከዚያ ማዶ እጇን ዘርግታ ትጠራኛለች። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁና ገባሁ።